ማን ልበል? ስምና ስደት በጥቁር ሕዝቦች ሥነ ጽሑፍ



አባቴ ባረፈ በስምንተኛው ዓመት፣ ከአገሬ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ ሳለሁ፣ ስሙ ሲጠራ ሰማሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ ወረቀት ወረቀቱን እያየች የአባቴን ስም ጠራች። ቀና ብዬ ወደ በሩ አየሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአፍታ ያህል ጋቢውን ደርቦ ሲገባ የማየው መስሎኝ ነበር። የምትጠራው እኔን መሆኑ የገባኝ ደግማ ስትጠራ ነው።

እኛ ዘንድ የአባት ስም የአባት ነው። ልጅ ከስሙ ያስከትለዋል እንጂ አይጠራበትም። እዚያ አገር ግን ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኔም የአባቴን ሞላሁ። ከዚያ ወዲህ በባንክ፣ በሐኪም ቤት፣ በሥራ ቦታ የምጠራው በእርሱ ስም ሆነ። ልጅ ስወልድም ያው ስም ወደ ልጄ ተላለፈ። ልጄ የራሱንና የአያቱን ስም ይዞ ይኖራል፤ እኔ ከመካከል ወጥቻለሁ። ማንም ክፉ አላሰበብኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። ቅጹ እንደዚያ ስለሆነ ብቻ ነው።

ስለ ጥቁር ሕዝቦች የስደት ሥነ ጽሑፍ እንድናገር ስትጋብዙኝ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ይህ ነገር ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ከባርነት ዘመን እስከ ትናንት፣ ከካሪቢያን ደሴቶች እስከ ፓሪስና ዋሽንግተን ይዘልቃል። ሁሉን ልንካ ብል አንዱንም አልጨብጥም። ስለዚህ በአንድ ጥያቄ ልያዘው። ደጅ ሲንኳኳ ወይም ስልክ ሲደወል፣ የአማርኛ ሰው «ማን ልበል?» ይላል። ትሕትና ያለበት ጥያቄ ነው፤ ስሙን የመናገሩን መብት ለባለቤቱ ይተውለታል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ስደተኛውን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ሳይጠይቅ ስም ያወጣለት ግን ብዙ ነው። ሰው የአንድ ቦታ ሰው የሚሆነው፣ እዚያ ያሉት ስሙን ከራሱ አፍ ሰምተው ሲጠሩት ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው።

ከ1789 ልጀምር። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። በዚያ ዓመት ለንደን ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። መጽሐፉ እንደሚተርከው ደራሲው የተወለደው ዛሬ ናይጄሪያ በምንላት ምድር፣ በኢቦ ሕዝብ መካከል ነው። ገና ልጅ ሳለ ከእኅቱ ጋር ተሰርቆ ተሸጠ፤ በመርከብ ታጭቆ ውቅያኖስ ተሻገረ። በመርከቡ ላይ ሚካኤል አሉት። ቨርጂኒያ ሲደርስ ያዕቆብ ሆነ። ቀጥሎ የገዛው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ደግሞ ጉስታቭስ ቫሳ ብሎ ሰየመው። ጉስታቭ ቫሳ በ16ኛው መቶ ዓመት ስዊድንን ከዴንማርክ አገዛዝ ያላቀቀ ንጉሥ ነው። በገንዘብ ለተገዛ ልጅ የነጻ አውጪ ንጉሥ ስም! ልጁ እምቢ አለ፤ ያዕቆብ ተብዬ ልቅር አለ። እምቢ ባለ ቁጥር ይመቱት ነበርና በመጨረሻ ተቀበለ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ልጁ የታገለለት ያዕቆብም የእናቱ ስጦታ አልነበረም፤ እሱም የተለጠፈበት ነው። ከአንዱ ባዕድ ስም ወደ ሌላው ባዕድ ስም ሲገፉት፣ ቢያንስ የለመድኩትን ተዉልኝ ማለቱ ነበር። በስደት የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰው የተለጠፈበትን ነገር እንኳ ከለመደው በኋላ የሙጥኝ ይላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ለውጥ ሌላ ቁራጭ ይዞበት ይሄዳል።

በ1766 በራሱ ገንዘብ ራሱን ነጻ አወጣ። ከዚያም በኋላ በደብዳቤውና በጉዳዩ ሁሉ ቫሳ እየተባለ ኖረ። መጽሐፉን ሲያሳትም ግን በሽፋኑ ላይ አስቀድሞ የጻፈው ኦላውዳ ኤክዊያኖ የሚለውን ስም ነው፤ ጉስታቭስ ቫሳ ከ«ወይም» በኋላ መጣ። በመጨረሻም በራሱ እጅ የተጻፈ መሆኑን አከለበት። በመጽሐፉ ውስጥ የስሙን ፍቺ ይነግረናል፦ የዕጣ መለዋወጥን የሚያመለክት፣ ደግሞም ድምፁ የሚሰማ፣ አንደበተ ርቱዕ ማለት ነው ይላል። ይህን ገጽ የአማርኛ አንባቢ ሲያነብ ቤቱ እንደገባ ይሰማዋል። ልጅ ሞቶባት ሌላ ስትወልድ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የምትል እናት አገር ነውና አገራችን። ስም እኛ ዘንድ ለጎረቤት፣ ለባላጋራ፣ ለእግዚአብሔር የሚላክ መልእክት ነው።

አንድ ነገር መሸሸግ አልፈልግም። የታሪክ ተመራማሪዎች በ1759 የተመዘገበ የክርስትና መዝገቡን አግኝተዋል፤ መዝገቡ የተወለደው በአሜሪካ ካሮላይና ነው ይላል። ስለዚህ የአፍሪካ ልጅነቱን ራሱ አይቶ ነው የጻፈው ወይስ ከሌሎች ሰምቶ በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሁለተኛው እውነት ቢሆን እንኳ ለእኔ መጽሐፉ አያንስም። የተወለደበትን ስፍራ በሌሎች መዝገብ ብቻ የሚያውቅ ሰው ለራሱ የአባት አገርና ስም ፈልጎ መቆሙ ይብስ ያሳዝነኛል፤ ያስከብረዋልም።

ስም መለወጥ በራሱ በደል ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያ ካልኩ በገዛ ታሪካችን ላይ መመስከሬ ነው። ቋረኛው ካሳ ሲነግሥ ቴዎድሮስ ሆነ፤ በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ ተባለ። ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ሌላ ስም ይቀበላሉ። መነኩሴም ዓለሙን ሲተው ስሙን ይተዋል። እነዚህ ሁሉ ሰውየው ወደ ሌላ ማዕርግ ሲሻገር፣ የሚያውቁት ሰዎች ባሉበት፣ በምርቃት የሚሰጡ ስሞች ናቸው። የቀድሞው ስም አይፋቅም፤ ከሥር ይኖራል።

ቀድሞ ራስ ተፈሪ ይባሉ የነበሩት በ1930 ዘውድ ጭነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲባሉ የቀድሞ ስማቸውን ተዉት። በሌላው የዓለም ጫፍ፣ በጃማይካ፣ የአያቶቻቸው ስም በሸንኮራ እርሻ መዝገብ ውስጥ ጠፍቶባቸው የቀሩ ድሆች ያንን የተተወ ስም አንሥተው ለራሳቸው አደረጉት። ራስተፈሪያን ተባሉ። የንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ስም እያለ አሮጌውን መምረጣቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ ስለ ራስተፈሪያን ስንናገር ስለ ጸጉራቸውና ስለ ሙዚቃቸው እናወራለን። ከእኛ ቤት ስም ተውሰው ሰው ሆነው መቆማቸውን ግን በቅጡ ያሰብንበት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሴኔጋል ልሻገር። ኡስማን ሴምቤን በ1923 በዚጊንሾር ተወለደ። ማርሴይ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ኖሮ፣ ራሱን በራሱ አስተምሮ ደራሲ ሆነ። በ1962 ያሳተመው አንድ አጭር ልቦለድ አለ፤ መነሻው ጋዜጣ ላይ የወጣ እውነተኛ ወሬ ነው። በ1966 ራሱ ፊልም አድርጎታል። የፈረንሳይኛው ርእስ በአማርኛ «የ... ጥቁሯ» እንደ ማለት ነው። የማን እንደሆነች ሳይነግረን በነጠብጣብ ይቆማል። ሴቲቱ ግን ስም አላት፤ ዲዋና ትባላለች።

ዲዋና በዳካር የፈረንሳውያን ልጆች ትጠብቅ ነበር። አሠሪዎቿ ወደ ፈረንሳይ ሲመለሱ አስመጧት። ያላትን ጥሩ ልብስ ለብሳ፣ ባሕር ዳር ያለችውን አንቲብን አያለሁ ብላ መጣች። ያየችው ማድ ቤቱን፣ መታጠቢያ ቤቱንና መኝታ ክፍሉን ነው። በዳካር ሞግዚት ነበረች፤ እዚህ ምግብ አብሳይ፣ አጣቢ፣ ወለል ወልዋይ ሆነች። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያመኝ ስለ ደብዳቤው ያለው ክፍል ነው። ከእናቷ ደብዳቤ ይመጣል። ዲዋና ማንበብ አትችልም። አሠሪዋ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ ከዚያም ሳትጠይቀው ወረቀት አውጥቶ መልሱን በእርሷ ስም መጻፍ ይጀምራል። እርሷ እዚያው ተቀምጣለች፣ ያልተናገረችው ቃል እየተጻፈላት ነው። ተነሥታ የእናቷን ደብዳቤ ትቀዳድደዋለች። ብዙ ሳይቆይ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ራሷን ታጠፋለች።

አሠሪው ወደ ዳካር ሄዶ ያልተከፈላትን ደመወዝ ለእናቷ ሊሰጥ ይሞክራል። እናትየው ገንዘቡን ሳትነካ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ይህን ፊልም ሳይ የማስበው ስለ አንቲብ አይደለም፤ ስለ ቤይሩት፣ ስለ ሪያድ፣ ስለ ኩዌት ነው። ከአረብ አገር ከተመለሱ እኅቶቻችን ጋር ቁጭ ብሎ የተጫወተ ሰው ይህን ሰምቷል፦ ደላላው በፓስፖርቷ ላይ ዕድሜ ጨምሮ፣ የክርስቲያን ስሟን በሙስሊም ስም ለውጦ የላካት አለች። እዚያ ስትደርስ ማዳም ለአፏ የሚቀልላትን ስም አውጥታ የጠራቻት፣ ከዚያም አልፎ ከእርሷ በፊት በነበረችው ልጅ ስም የጠራቻት አለች። ፓስፖርቱ በማዳም መሳቢያ ተቆልፎበታል፤ ስሟም አብሮ። ሴምቤን ከልቦለዱ ሌላ ወደ ፊልም የሄደው የገዛ ወገኑ ፈረንሳይኛ ማንበብ ስለማይችል ነው። ዲዋና ራሷ ስለ ዲዋና የተጻፈውን ማንበብ አትችልምና።

በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ የሁለት ባሕል ሰው መሆን ሀብት ነው፣ በሁለት ዓለም መካከል መቆም ነጻነት ነው የሚል ትምህርት ተስፋፍቷል። ጥሩ ደመወዝና ሁለት ፓስፖርት ላለው ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ለዲዋና ግን እውነት አይደለም። ከዚህ በኋላ የማነሣቸውን ደራስያን የምወዳቸው ይህን ልዩነት ስለማይረሱት ነው።

አብዱልራዛቅ ጉርናህ በ1948 በዛንዚባር ተወልዶ ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ደራሲ ነው፤ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። «በባሕሩ አጠገብ» እንደማለት በሆነው በ2001 ልቦለዱ፣ ሳሌህ ኦማር የሚባል ሽማግሌ ነጋዴ ጥገኝነት ለመጠየቅ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። እንግሊዝኛ አላውቅም እንዲል መክረውታልና ዝም ይላል። በእጁ አንዲት የዕጣን ሣጥን አለች። የኢሚግሬሽኑ ሹም፣ ራሱም የስደተኞች ልጅ ነው፣ ሣጥኗን ከፍቶ ያሸትታትና ለራሱ ያስቀራታል። ዕጣንና ሰንደል በሚጨስበት ቤት ያደገ አንባቢ የተወሰደውን ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያ ሽታ የሽማግሌው ቤት ነበር።

ጉርናህ ግን ሽማግሌውን ንጹሕ ተበዳይ አድርጎ አይተወውም። ሳሌህ የመጣው በሐሰት ፓስፖርት ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም የራጀብ ሻባን ነው፣ የሞተ ባላጋራው ስም። የዛንዚባርን ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው ሲፈለግ በለንደን የሚኖር አንድ መምህር ይገኛል። ያም ሰው የራጀብ ሻባን ልጅ ነው። የሞተ አባቱ ስም በሕይወት ተነሥቶ ጥገኝነት ሲጠይቅ ይሰማል። ሁለቱ ሲገናኙ በመካከላቸው የቤት ክርክር፣ የብድር ወረቀት፣ የእስር ዓመታት አለ። እየተወቃቀሱ፣ አንዱ የሌላውን ታሪክ እያረመ፣ ሳያስቡት ይዛመዳሉ። ጉርናህ ስለ ስደት ከጻፉት ሁሉ ለእኔ ይልቃል። ስደተኛ ከመሰደዱ በፊት ዕዳ፣ በደልና ምቀኝነት ያለበት ሙሉ ሰው እንደነበረ ያውቃልና።

ናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ በ2013 ባሳተመችው «አሜሪካና» ውስጥ ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ ታሳያለች። ኦቢንዜ በለንደን የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። ቪንሰንት ከሚባል ናይጄሪያዊ የሥራ መታወቂያውን ይከራያል፤ ከደመወዙም ይከፍለዋል። በዕቃ መጋዘን ቪንሰንት ተብሎ ይሠራል። አንድ ቀን አለቃው ሲያስጠራው፣ ተያዝኩ ብሎ ልቡ ቆሞ ይሄዳል። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ኬክ ይዘው ይጠብቁታል፤ ለካ የቪንሰንት ልደት ነው። እንባው ይመጣል። የወደዱት ሰው እርሱ ነው፤ ልደቱ ግን የሌላ ነው። ወዲያው ቪንሰንት ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቀዋል፤ ሳይሰጠው ሲቀር ደውሎ ያጋልጠዋል። በዚያው ልቦለድ በአሜሪካ የምትኖረው ኡጁ ስልክ ስታነሣ የገዛ ስሟን ፈረንጆቹ እንደሚጠሩት አድርጋ ትናገራለች። ዘመዷ ኢፌሜሉ ስትጠይቃት እነርሱ እንዲህ ይሉኛል ነው መልሷ። ይህችን ትንሽ መልስ አልፈን ባንሄድ ጥሩ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ስማችንን ሰብረን የምንናገር ስንቶቻችን ነን? ጠሪው እንዳይቸገር ብለን።

ስደት ስም የሚነጥቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ የትሪኒዳዱን ሳም ሴልቨንን ላንሣ። ሰኔ 22 ቀን 1948 ኤምፓየር ዊንድረሽ የምትባል መርከብ ቲልበሪ ወደብ ላይ ብዙ መቶ የካሪቢያን ሰዎችን አወረደች። ሴልቨን ስለዚያ ትውልድ በ1956 አንድ ልቦለድ አሳተመ፤ ርእሱ «ብቸኞቹ የለንደን ሰዎች» እንደማለት ነው። ሙሴ የሚባለው ዋና ሰው በብርድ ሌሊት ባቡር ጣቢያ ሄዶ የማያውቀውን አዲስ መጤ ይቀበላል። መጤው ለብርዱ የሚሆን ልብስ እንኳ ሳይኖረው፣ አይበርደኝም እያለ ይወርዳል። ለዚህ ድፍረቱ ሙሴ ጋላሃድ ብሎ በጥንት ፈረሰኛ ስም ይጠራዋል፤ ስሙም ጸንቶ ይቀራል። ሌላው ካፕ ነው፣ ሌላው ቢግ ሲቲ ነው። ሥራና ቤት ሲጠይቁ በሩ የሚዘጋባቸው ሰዎች እሑድ እሑድ በሙሴ ጠባብ ክፍል ተሰብስበው በቅጽል ስማቸው ይጠራራሉ። ቅጽል ስም ለማውጣት ሰውን ማወቅ፣ መታገስ፣ መውደድ ያስፈልጋል። እኔም መንግሥት በአባቴ ስም በሚጠራኝ አገር፣ በእሑድ ጓደኞቼ ዘንድ የወጣልኝ ቅጽል ስም ነበረኝ። ለሳምንቱ የሚበቃ ስንቅ ነበር።

ሴልቨን መጽሐፉን መጀመሪያ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲጽፈው አልሄደለትም። ተራኪው ራሱ በካሪቢያን ሰዎች አነጋገር እንዲናገር ሲያደርግ ግን ወንዝ ሆኖ ፈሰሰ። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ከዚህም አልፎ ሄዷል። በ1962 በካምፓላ ማኬሬሬ በተደረገው የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ ላይ የተገኘው ጄምስ ንጉጊ ተብሎ ነው። ኋላ ጄምስን ተወው፤ ቀጥሎም ልቦለዱን በኪኩዩ ቋንቋ ጻፈ፣ እስር ቤት ውስጥ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ።

ካምፓላን ካነሣሁ ዘንድ የራሳችን ዲናው መንግሥቱ ይከተላል። ዲናው በ1978 በአዲስ አበባ ተወልዶ፣ ገና በሁለት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ነው። በ2007 የወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ትንሽ ሸቀጥ መደብር ስላለው ሴፋ ስለሚባል ስደተኛ ነው፤ አባቱን በቀይ ሽብር ያጣ ሰው ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እርሱን ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ቅርቡ በ2014 የወጣውና «ስሞቻችን ሁሉ» ልንለው የምንችለው ልቦለድ ነው። ተራኪው ኢትዮጵያዊ ወጣት ነው። ሲወለድ 13 ስሞች ነበሩት፤ ከአባቱ ጀምሮ ወደ ላይ የሚቆጠሩ የትውልድ ስሞች። ወደ ካምፓላ ሲጓዝ ሁሉንም በመንገድ ላይ ይጥላቸዋል። በካምፓላ ይስሐቅ የሚባል ወዳጅ ያገኛል። አገሩ ወደ ደም መፋሰስ ሲያመራ ይስሐቅ ፓስፖርቱንና ስሙን ሰጥቶት እርሱ ይቀራል። ተራኪው በአሜሪካ አንዲት ትንሽ ከተማ ይስሐቅ ተብሎ ይኖራል፤ የምትወደው ሴት የምትጠራው በጓደኛው ስም ነው። እውነተኛ ስሙን ደራሲው ለእኛም አይነግረንም። ዘር እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር ሰምቶ ላደገ አንባቢ፣ የ13ቱ ስሞች መውደቅ እንደ ሞት ነው። የይስሐቅ ስጦታ ግን በሌላ መጽሐፍ አንብቤው የማላውቀው ነገር ነው። ለወዳጅ ስምን አውልቆ መስጠት!

ከሁሉ አብልጬ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን በልቦለድ የለም፤ የአንድ ሰው እውነተኛ ሕይወት ነው። በ1960ዎቹ አንዲት ወጣት ለትምህርት ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ ሄደች፤ እርጉዝ ነበረች። በ1967 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዊጋን አጠገብ ወንድ ልጅ ወለደች። ትምህርቷን እስክትጨርስ ለጊዜው የሚያሳድግላት ቤተሰብ ጠየቀች፤ በማደጎነት እንዲወስዱት ለመስማማት ግን አልፈረመችም። የልጇን ነገር የያዘው ማኅበራዊ ሠራተኛ ሕፃኑን የራሱን ስም ሰጥቶ ኖርማን አለው፤ ለአንድ ነጭ ቤተሰብም ለዘለቄታው የእናንተ ነው ብሎ አስረከበው። በ1968 እናትየው ልጄን መልሱልኝ፣ ከወገኖቹ ጋር በአገሩ ይደግ ብላ ጻፈች። ደብዳቤው በፋይል ውስጥ ገባ።

ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው አሳዳጊዎቹ መለሱት። ከአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ሌላው ተዛወረ። ከማሳደጊያ ሲወጣ ሁለት ወረቀት ሰጡት፦ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የእናቱን የ1968 ደብዳቤ። በልደት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ለምን ሲሳይ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ለሚያነብ ሰው ለምን ድምፅ ብቻ ነው። ለእኛ ግን ጥያቄ ነው። እርሱም ፍቺውን ሲያውቅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቀው የኖረው ጥያቄ የገዛ ስሙ ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ስም ባለቅኔ ሆነ። እናቱን በ21 ዓመቱ ፈልጎ ጋምቢያ አገኛት። የልጅነት ፋይሎቹን ለማግኘት 30 ዓመት ያህል ተከራክሮ በ2015 ተረከባቸው፤ በዚያው ዓመት የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆኖ ተመረጠ። በ2019 ያሳተመው ግለ ታሪክ «ስሜ ለምን ነው» ይባላል። በውስጡ የመሥሪያ ቤቱን ሰነዶች እንዳሉ አትሞ፣ ከሥር ራሱ የሚያስታውሰውን ይጽፋል። በአንድ በኩል ስለ እርሱ የተጻፈው፣ በሌላ በኩል እርሱ የሚለው። ከእርሱ 230 ዓመት ቀድሞ ኤክዊያኖ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ሁለት ስም አስቀምጦ ያደረገውን ያደርጋል። የዲዋና አሠሪ የጀመረውን ዓይነት ደብዳቤ ከእጁ ነጥቆ ራሱ ይጨርሰዋል።

ይህን መጽሐፍ የአማርኛ ተናጋሪ አንባቢ በተለየ ሁኔታ ይረዳዋል። ደራሲው ለዓመታት ፍቺውን ሳያውቅ የተነጠቀውን ቃል እኛ በቀን ብዙ ጊዜ እንናገረዋለን። ልጅ ሆነን አባታችንን ስንነዘንዝበት የኖርነው ቃል ነው።

በእስራኤል ያሉ አይሁድ ወገኖቻችንም የስም መነጠቅን ያውቁታል። በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል፣ በኋላም በ1991 በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሆነው በአውሮፕላን ሲገቡ፣ ብዙ ሕፃናት በመቀበያ ጣቢያና በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። ያወጡላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ደግ ያደረጉ መስሏቸው ነበር። ኢየሩሳሌምን ሲናፍቅ የኖረ ሕዝብ እዚያ በደረሰ ቀን አያቱ ያወጣችለትን ስም ደጅ ትቶ እንዲገባ ተጠየቀ። ዛሬ ከዚያ ትውልድና ከልጆቹ መካከል የቀድሞ ስማቸውን የመለሱ አሉ።

ንግግሬን ልጨርስ። ያነሣኋቸው መጻሕፍት የተገኙት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ጻፈ ነው። ስለ አረብ አገር እኅቶቻችን እነርሱ ራሳቸው የሚናገሩበት ያን የሚያህል መጽሐፍ ግን በእጄ የለም። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሰፈራችሁ፣ በቤታችሁ፣ በዕድራችሁ ከአረብ አገር የተመለሰች እኅት አትጠፋም። ቡና ሲፈላ ከጎኗ ተቀመጡ። ስንት ብር አመጣሽ ብላችሁ አትጀምሩ። እዚያ ማን ይሉሽ ነበር ብላችሁ ጠይቋት። የምትላችሁንም ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ፣ ከላዩ እናቷ ያወጣችላትን ስም አስቀድማችሁ ጻፉት።